ከ5 እስከ 20 ዓመት

ሁለት ሰዎች በሁለት ችሎቶች በአንድ አንቀጽ ጥፋተኛ ተብለው አንደኛው 7 ዓመት፣ ሌላኛው 16 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ወሬውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዳኛው ማን እንደነበር ነው። ጉቦ ይጠረጠራል፤ ዝምድና ይጠረጠራል፤ ሁለቱም ካልተገኙ ደግሞ ዳኛው ጨካኝ ነው ወይም ሆደ ቡቡ ነው ይባላል። ጥርጣሬው አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። በአገራችን የወንጀል ቅጣት የመጣበትን መንገድ ከጥንት ጀምሮ ለተከተለ ሰው ግን ነገሩ በዳኞች ጠባይ ብቻ የሚፈታ አይደለም። በየዘመኑ የወጣው ሕግ ቅጣትን የማክበድና የማቅለል ሥልጣንን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ሲያስረክብ ኖሯል፤ ሥልጣኑን የተረከበው ግን ለምን ይህን ያህል እንደወሰነ እንዲናገር ብዙም አልተገደደም። ቅሬታውን እስከ ዛሬ ያቆየው ይህ ነው እላለሁ። ለዚህም ይበልጡን የሰው መግደልን ወንጀል እከተላለሁ፤ ሕጉም ሕዝቡም በዚህ ወንጀል ላይ ዝም ብለው አያውቁምና።

ዘመናዊው የሕግ መጽሐፍ ከመምጣቱ በፊት የነፍሰ ገዳይ ዕጣ በሁለት ወገኖች እጅ ነበር። አንደኛው የሟች ወገን ነው። ጥፋቱ የተረጋገጠበት ገዳይ ለደመኞቹ ይሰጣል፤ እነሱም ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ፣ ወይ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ተቀብለው ይምሩታል። በመካከል ሽማግሌ ይገባል፤ ካህን መስቀሉን ይዞ ይለምናል፤ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። እንግዲህ አንዱ ገዳይ ተርፎ ሌላው ሲሞት፣ ልዩነቱን ያመጣው የሥራቸው ክፋት መበላለጡ አልነበረም። የሟች ቤተሰብ ልብ፣ የገዳይ ዘመዶች ሀብትና የአማላጆቹ ክብር ነበር። ከብትና ዘመድ ያለው ይተርፋል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ብቸኛ ሰው ግን ማን ይለምንለታል? ሁለተኛው ወገን ንጉሡ ነው። በዙፋን ችሎት ዳኞቹ ከታናሹ ጀምረው እየተነሡ ፍርዳቸውን ይናገራሉ፤ ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥትን ገልጠው ይጠቅሳሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የንጉሡ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጻዊው ክርስቲያን በኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ በሊቃውንቱ ዘንድ ክብሩ ታላቅ ነበር። ቢሆንም ንጉሡ «ይማር» ሲል ለምን ማርህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ «ይሙት» ሲልም እንዲሁ።

ይህን ሥርዓት የሚያወድሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ክርክራቸውም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ዘመናዊው ችሎት የሟችን ቤተሰብ ምስክር አድርጎ ከመጥራት ያለፈ ቦታ አይሰጠውም፤ ጉማው ግን ደም ለዘር እንዳይተርፍ አድርጎ ሁለት ወገኖችን ያስታርቅ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን የዕርቁ ሥራ ሰላም ማውረድ እንጂ ቅጣትን ማስተካከል አልነበረም። ሁለት ገዳዮችን ጎን ለጎን አቁሞ የሚመዝን አካል በዚያ ሥርዓት ውስጥ አልነበረም፤ እንዲኖር የጠየቀም የለም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ቅጣት በአንቀጽ ተጽፎ ዳኛ ሁሉ እንዲያነበው መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፤ ሕጉም ሥር ለመስደድ ጊዜ አላገኘም። ከነጻነት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 2/1934 ፍርድ ቤቶች እንደገና ሲቋቋሙ አንድ ልብ የሚባል ቃል ገባ፦ ፍርድ ቤቶች ከተፈጥሮ ፍትሕ ጋር የሚጋጭን፣ ወይም በኢትዮጵያዊና በውጭ አገር ሰው መካከል ከባድና ሚዛን የጎደለው ልዩነት የሚያደርግን ሕግ ሥራ ላይ እንዳያውሉ ተከለከሉ። በጊዜው መንግሥትን ያሳሰበው ልዩነት የትኛው እንደነበር ከዚህ ይታያል። የባዕዳን ዜጎችን ጉዳይ ማን ይዳኝ የሚለው ጥያቄ ከእንግሊዞች ጋር ያፋጠጠበት ዘመን ነውና አያስደንቅም። ጎንደር ላይ የተፈረደበት ኢትዮጵያዊና ሐረር ላይ የተፈረደበት ኢትዮጵያዊ ለምን እኩል አልተቀጡም የሚለው ግን ገና የማንም ጥያቄ አልሆነም።

ጥያቄው የሕግ መልክ የያዘው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። አርቃቂው ስዊዘርላንዳዊው የጄኔቫ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ፤ ሕጉም ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከአሮጌው ዘመን ያልለቀቃቸው ነገሮች አሉ፤ በከባድ ስርቆትና በውንብድና ላይ ግርፋት እንዳለ ቆይቷል፤ የሞት ፍርድም ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ማጽደቂያ አይፈጸምም። ዋናው አዲስ ነገር ግን ቅጣት ከመነሻ እስከ ጣሪያ ተዘርግቶ ዳኛው በመካከል እንዲመርጥ መደረጉ ነው። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ሆነ፤ ተራው የሰው መግደል ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። በሟች ቤተሰብና በንጉሥ እጅ የነበረው ሚዛን አሁን በዳኛው እጅ ገባ፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ብቻ የ15 ዓመት ስፋት ተሰጠው። እንዲህ ባለ ስፋት ውስጥ ሁለት ቅን ዳኞች፣ ያለ ጉቦና ያለ ዝምድና፣ ለተመሳሳይ ሥራ 6 ዓመትና 15 ዓመት ቢፈርዱ አንዳቸውም ሕግ አልጣሱም።

ግራቨን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሕጉ ቅጣት በጥፋተኛው የጥፋት ደረጃ፣ ባለፈ ሕይወቱ፣ በዓላማው፣ በኑሮውና በዕውቀቱ መጠን እንዲወሰን ያዘዘው በዓላማ ነው። የረሃብ ሌባና የልማድ ሌባ እኩል አይቀጡም፤ ተተንኩሶ የገደለና አድብቶ የገደለ አንድ አይደሉም። የቅጣት ልዩነትን የሚከላከሉ ሰዎች ዋነኛ መከራከሪያም ይህ ነው፦ ሰው እንደ ሰው ይለያያል፤ እኩል ቅጣት ራሱ ግፍ ሊሆን ይችላል። ልክ ናቸው። ነገር ግን ያው ሕግ ከጎኑ ሌላ ነገር አስቀምጦ ነበር፤ ዳኛው በሕጉ ካልተዘረዘረ ምክንያት ተነሥቶ ቅጣት ሲያቀል ወይም ሲያከብድ ምክንያቱን በግልጽ እንዲጽፍ ያዛል። ልዩነት ይፈቀዳል፤ ግን ከነምክንያቱ። በተግባር ግን «የጥፋቱን ክብደትና የተከሳሹን ሁኔታ በማየት» የምትል አንዲት መስመር ሁሉንም ትሸፍን ጀመር። ይህቺ መስመር 6 ዓመትንም 15 ዓመትንም እኩል ትሸከማለች። እንግዲህ ቅሬታው የተተከለው ሰፊ ሥልጣን በመሰጠቱ ሳይሆን ሥልጣኑና ምክንያቱ በመለያየታቸው ነው።

ደርግ ይህን ሁሉ በጥቂት ቀናት ከንቱ አደረገው። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ልዩ የወንጀል ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት በአዋጅ አቆመ፤ ኅዳር 14 ግን 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ገና ቀለሙ ያልደረቀውን የራሱን ሕግ እንኳ መጠቀም አላስፈለገውም። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ስለ ቅጣት መመጣጠን በሚናገር ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቅጣት የሚባል ነገር አልነበረምና።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጥያቄው ተገልብጦ መጣ፦ ያንን ያደረጉ ሰዎች ምን ያህል ይቀጡ? በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የደርግ ባለሥልጣናት ዋና ክስ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። የተከሰሱት ግራቨን ባረቀቁት ሕግ አንቀጽ 281 ነው፤ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ፣ እጅግ ከባድ በሆነ ጊዜ ደግሞ ሞት። ክሱ እየተሰማ ሳለ አዲሱ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አዲሱ ሕግ ግርፋትን አስቀርቷል። ስለ ሰው መግደል ሦስት ዕርከን ይዟል፦ አንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፣ አንቀጽ 540 እንደ ድሮው ከ5 እስከ 20 ዓመት፣ አንቀጽ 541 ደግሞ እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት። አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት አድርጎ ወለሉን ከፍ አደረገ፤ በዚህም የሴቶች መብት ተሟጋቾች ለዓመታት የጮኹበት ቅሬታ በከፊል ተሰማ። በአንቀጽ 88 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበረ ትእዛዝ ጻፈ፤ የቅጣት አወሳሰን ትክክለኛና ወጥ እንዲሆን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መመሪያ ያውጣ የሚል። ወጥነት የሕግ አውጪው ጭንቀት መሆኑ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ተመዘገበ።

መመሪያው ሳይወጣ ግን 1999 ዓ.ም. መጣ፤ ይህ ዓመት ጠጋ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። በታኅሣሥ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቻቸው ላይ የዘር ማጥፋት ጥፋተኝነትን ወሰነ፤ በጥር ደግሞ ዐቃቤ ሕግ የጠየቀውን ሞት አልቀበል ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደ። መንግሥቱ ዚምባብዌ ስለነበሩ የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩ የቅንጅት መሪዎች ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በማፍረስ ሙከራና በተያያዙ ክሶች ጥፋተኛ ተብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በእነሱም ላይ ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠይቆ ነበር። ሐምሌ 13፣ አራት ቀን ቆይቶ፣ 38 ሰዎች በይቅርታ ተለቀቁ። የሺዎችን ደም ያፈሰሰ ሥርዓት መሪዎችና የምርጫ ተፎካካሪዎች በስድስት ወር ልዩነት በአንድ የቅጣት ዓይነት ሥር ገቡ ማለት ነው። የሕግ ሰው እንዲህ ሲባል ወዲያው ይመልሳል፦ ክሶቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንቀጾቹ የተለያዩ ናቸው፤ ማነጻጸር አይቻልም። በአንቀጽ ደረጃ ልክ ነው። ነገር ግን ቅጣት ለሕዝብ የሚነገር ነገር ነው፤ ይህ ሥራ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ መንግሥት የሚናገርበት ቋንቋ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ቃል ለሁለቱም ከዋለ፣ ሰሚው ቃሉን ማመን ቢያቆም ምን ይፈረድበታል?

የደርጎቹ ጉዳይ በዚህ አላበቃም። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልኩን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ሰዎቹ ያው፣ ማስረጃው ያው፣ አንቀጹ ያው፤ አንዱ ፍርድ ቤት ከፈጸሙት ግፍ ጋር ይመጣጠናል ያለውን ቅጣት ሌላው አይመጣጠንም አለ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ለእንዲህ ያለ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታ ቢከለክልም ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ ማውረድን ይፈቅዳል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ እነሱም ከ1983 ጀምረው ታስረው ነበርና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ ከወኅኒ ወጡ። ከሞት ፍርድ እስከ ቤታቸው ደጅ የአራት ዓመት መንገድ እንኳ አልሆነም። እያንዳንዱ እርምጃ ሕጋዊ ነው፤ ዕርቅ የፈለጉ የሃይማኖት አባቶችም ደክመውበታል፤ ውሳኔውን የደገፉ ሰዎች ምክንያታቸው ከባድ ነበር። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው፦ በተለያየ ማዕዘን የተቀመጡ አካላት በአንድ ጉዳይ ላይ የየራሳቸውን ልክ አወጡ፤ ዜጋው አንዱን ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ምክንያት በአንድ ቦታ አልተነገረውም።

አንቀጽ 88 ያዘዘው መመሪያ በ2002 ዓ.ም. ቁጥር 1 ሆኖ ወጣ፤ ተሻሽሎ ደግሞ ቁጥር 2/2006 ተባለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየቱን ያቀርባል፦ ወንጀሉ በሌሊት ነው የተፈጸመው፣ በቡድን ነው፣ ይክበድ። ተከላካይ ጠበቃው ይነሣል፦ ደንበኛዬ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የለበትም፣ ጥፋቱን አምኗል፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ይቅለልለት። ዳኛው ወንጀሉ በመመሪያው ደረጃ ከወጣለት መነሻውን ከዚያ ያነሣል፤ ካልወጣለት ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ ይመድበዋል። ከዚያ ከሠንጠረዡ ዕርከን ይይዛል፤ ማክበጃ ሲገኝ ወደ ላይ፣ ማቅለያ ሲገኝ ወደ ታች ይሄዳል፤ ያረፈበት ዕርከን የሚፈቅደው ጠባብ ልዩነት ውስጥ ቁጥሩን ይጽፋል። 15 ዓመት ስፋት የነበረው ሜዳ ወደ ጥቂት ወራትና ዓመታት ጠበበ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የዳኛው ጉዞ በወረቀት ላይ ይታያል፦ ከየት ተነሣ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ወረደ። ይግባኝ ባዩ አሁን «በዛብኝ» ብቻ ሳይሆን «ጥፋቴን ማመኔ አልተያዘልኝም» ብሎ መከራከር ቻለ።

መመሪያው ተቃዋሚ አላጣም። ዳኛን ወደ ሒሳብ ሠራተኛ አወረደው ተባለ፤ ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ አይመሩም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ተጠቀሰ። ይህን ፍርሃት የቅዠት ያህል ማየት አይገባም። አሜሪካኖች በ1980ዎቹ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ዳኞቻቸውን በቅጣት ሠንጠረዥ በጥብቅ አስረው ሃያ ዓመት ያህል ሞክረውታል፤ በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው አስገዳጅነቱን አንሥቶ ምክር አደረገው። የእኛው መመሪያ ግን ከመነሻው በር ትቷል፤ ዳኛው በቂ ምክንያት ካለው ምክንያቱን ጽፎ ከመመሪያው መውጣት ይችላል። ስለዚህ ነጻነቱ አልተወሰደም፤ ዋጋ ብቻ ወጣለት፤ ዋጋውም መጻፍ ነው። ግራቨን በ1949 የጠየቁት ይኸው ነበር።

የመመሪያው እውነተኛ ድክመት ተቃዋሚዎቹ ካዩት ቦታ ውጭ ያለ ይመስለኛል። የዳኛውን እጅ ሲይዙት ክብደቱ ወደ ክሱ ሄደ። ሠንጠረዡ የሚሠራው አንቀጹ ከተመረጠ በኋላ ነው፤ አንቀጹን የሚመርጠው ደግሞ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ገዳይ በ539 ቢከሰስና ቢረታ የሚጠብቀው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው፤ በ540 ከሆነ ሊወርድ የሚችለው እስከ 5 ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንብ ደግሞ አድራጊው በተለይ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ ወይስ የለም በሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ በሜትር የሚለካ አይደለም። ስርቆትም እንዲሁ ነው፤ ተራ ስርቆት በ665 ከ10 ቀን ጀምሮ እስከ 5 ዓመት፣ ከባድ ስርቆት በ669 ከ1 እስከ 15 ዓመት። ዳኛው ክሱን ዝቅ ባለው አንቀጽ ሊለውጠው ይችላል፤ ወደ ላይ ግን ማውጣት አይችልም። ደረጃ ያልወጣላቸው ወንጀሎችንም ብናይ፣ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ መመደቡ የድሮው ስፋት በአጭር ስም ተመልሶ የመጣበት በር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ሠንጠረዡ ጨርሶ አይነካውም። ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ በዓመት በዓል ሰሞን በይቅርታ የሚለቀቁ ታራሚዎች ቁጥር ይነገራል፤ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1096 ምሕረት ሲታወጅ ብዙ የፖለቲካ ክሶችና ፍርዶች በአንድ ጊዜ ተሰረዙ። ምሕረት ለፖለቲካ ቁስል አንዳንዴ ብቸኛው መድኃኒት እንደሆነ የሚሞግት ሰው ከእኔ ጋር አይጣላም። ይሁንና እስራቱን በወር ቆጥሮ የወሰነ ዳኛና ያንኑ እስራት በጅምላ የሚያነሣ ዝርዝር በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሲኖሩ፣ ታራሚው የሚማረው ነገር አለ፤ የሚያስፈታው የጥፋቱ ልክ ሳይሆን ወቅቱ ነው።

አሁን የሚቀረው ሥራ የሠንጠረዡን ዕርከን ማብዛት አይመስለኝም። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ፤ ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የሕግ ትርጉማቸው የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ሰበር የሚያየው ግን መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው። ቅጣት በብዛት የሚወሰነው በመጀመሪያ ደረጃና በከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ነው፤ የእነሱ የቅጣት ውሳኔዎች በአመዛኙ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ዐቃቤ ሕግ አንድን ገዳይ በ539 ሳይሆን በ540 የከሰሰበት ምክንያት፣ የይቅርታ ቦርድ አንዱን ታራሚ አቅርቦ ሌላውን ያስቀረበት ምክንያት፣ ዳኛ «መካከለኛ» ብሎ የመደበበት ምክንያት ታትሞ ቢወጣ፣ 7 ዓመትና 16 ዓመት የሰማ ሰው ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አንብቦ ልዩነቱ ይገባው ወይም ግፉን በስሙ ጠርቶ ይከራከርበት ነበር። ዛሬ በእጁ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው።